ኩላሊቷ በየሳምንቱ ተለካ፤ ጆሮዋን ግን ማንም አልጠየቀም

መምህርቷ ከ9 ወር በኋላ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ባልደረቦቿ ዳቦ ቆርሰው፣ ቡና አፍልተው ተቀበሏት። አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል የምታስተምር፣ 22 ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ፊደል ስታስቆጥር የኖረች ሴት ናት። የማኅፀን በር ካንሰር ታክማ፣ ጨረሩንም ኬሞውንም ጨርሳ፣ «ከእንግዲህ በቀጠሮ እየመጡ መታየት ብቻ ነው» ተብላ ተሰናብታለች። ያን ቀን ዓይኑ እንባ ያላቀረረ መምህር አልነበረም። ከሁሉም አፍ የሚወጣው ቃል አንድ ነበር፦ ተመስገን።

ነገሩ የተጀመረው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ልጆቹ በየተራ እየተነሡ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ፤ እሷ ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ተነሥታ ተናገረች። መምህርቷ ጠመኔዋን አነሣችና «አባቴ በጉን ሰጠ» ብላ ጻፈች።

«ቲቸር፣ እንደሱ አላልኩም! ሸጠ ነው ያልኩት» አለች ልጅቷ።

መምህርቷ አጠፋችው። እንደገና ጻፈች። «አባቴ በጉን ሰጠ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ልጆች ናቸው፤ ክፋት የለባቸውም። ቲቸር እየቀለደች መስሏቸዋል። እሷም የቀለደች መስላ አብራቸው ሳቀች። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ምክንያቱም «ሰ» እና «ሸ»ን ለልጆች ስታስለይ የኖረችው በዚሁ ምሳሌ ነው። የሰጠ ሰው ገንዘብ አይቀበልም፤ የሸጠ ግን ይቀበላል። በመስጠትና በመሸጥ መካከል ያለችው አንዲት ፊደል ናት። ያቺን ፊደል ደግሞ መምህርቷ ጥላታለች።

የት እንደጣለቻት ግን አላወቀችም።

*

ቤት ውስጥም ነገሩ ቀድሞ ተጀምሮ ነበር፤ ስም አልወጣለትም እንጂ።

ባለቤቷ ቴሌቪዥኑ እንደ ሠርግ ቤት ይጮኻል እያለ ያማርራል። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጇ ከኩሽና ሆና «እማዬ፣ ሻይ ላፍላልሽ?» ትላለች፤ መልስ የለም። ሁለተኛ ትጠይቃለች፤ «እሺ» የሚል መልስ ይመጣል። ሻዩ ተፈልቶ ሲቀርብ እናት «ሻይ አምጪ መቼ አልኩሽ?» ትላለች። እንዲህ ያለው ነገር ሲደጋገም ልጅቷ አንድ ቀን በሩን ወርውራ ገባች። «እማዬ፣ ከታመምሽ ወዲህ እኔን መስማት ትተሻል» አለቻት። ይህችን ግን እናት በደንብ ሰማቻት፤ ልጇ ፊት ለፊቷ ቆማ ነበራ።

ዘመድ ቤት ለክርስትና ተጠርተው ሲሄዱም እንዲሁ ነው። ሃያ ሰው በአንድ ሳሎን ውስጥ ሲያወራ ለእሷ ሁሉም ድምፅ አንድ ላይ ተፈጭቶ ይመጣባታል። ሰዎቹ ሲስቁ ትስቃለች፤ ዝም ሲሉ ዝም ትላለች። ስትጠየቅ ያልተጠየቀችውን ትመልሳለች። ከዘመዶቹ አንዷ ከኋላዋ «ካንሰሩ ሲለቃት ኩራት ያዛት» አለች አሉ። ሌላው ደግሞ አዝኖ «ኬሞው አእምሮዋን ነክቶታል» አለ።

መምህርቷም ያመነችው ይህንኑ ሁለተኛውን ነው። ኬሞ የወሰዱ ሰዎች አንዳንዴ እንደሚረሱ፣ እንደሚፈዙ ወረፋ ስትጠብቅ ከሌሎች ታካሚዎች ሰምታለች። ስለዚህ ደበቀችው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ እሷ ግን የምትደብቀው በሽታ የትኛው እንደሆነ እንኳ አታውቅም። በአእምሮዋ ተጠራጥራ ጆሮዋን ደበቀች።

የነቃችው በፊሽካ ነው። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ሜዳው ዳር ቆማ ሳለ የስፖርቱ መምህር ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከትቶ ጉንጮቹን ነፋ። ልጆቹ በሙሉ ዘወር አሉ። እሷ ግን የተነፉትን ጉንጮች አየች እንጂ ድምፅ አልሰማችም። እንደገና ነፋ። አሁንም ምንም። ሰው ፊሽካን አይረሳም፤ አእምሮው ቢደክምም ፊሽካ ፊሽካ ነው። ያን ጊዜ ነው «ይሄ የጭንቅላት ነገር አይደለም» ያለችው።

ከዚያ በኋላ ራሷን ትፈትሽ ጀመር። ጠዋት የሚቀሰቅሷት ወፎች ከጠፉ ስንት ጊዜ ሆናቸው? ሌሊት ትንኝ ይነክሳታል እንጂ ሲጮህ አልሰማችም። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከበሮው ደረቷ ድረስ ይመታል፤ ጸናጽሉ ግን በካህናቱ እጅ ሲወዛወዝ ታየዋለች እንጂ አይሰማትም። በእነዚህ ሁሉ ምትክ አንድ የማያቋርጥ ቀጭን ጩኸት በጆሮዋ ውስጥ አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያን ጩኸት የደም ማነስ ነው ብላ ነበር የተወችው።

*

በቀጠሮዋ ቀን ለሐኪሙ ነገረችው። ወጣት ነው፤ በሩ ላይ ወረፋው እስከ ደረጃው ድረስ ደርሷል። ደም ይፈስስሻል ወይ፣ ሕመም አለ ወይ፣ ምግብ ይበላል ወይ ብሎ ከጨረሰ በኋላ «ዶክተር፣ ጆሮዬ ይጮኻል፤ ሰው ሲያወራም ቃሉን አልይዘውም» አለችው። ከካርዱ ላይ ቀና ሳይል አንድ ነገር ተናገረ። አልሰማችውም። «ምን አልከኝ?» ስትለው ቀና አለና «ተመስገን ይበሉ እናቴ! ከዚያ ሁሉ ወጥተው በእግርዎ ቆመዋል እኮ» አላት።

ክፉ ሐኪም አይደለም። ያን ቀን ከእሷ በፊት የገቡት ውስጥ «ከእንግዲህ የሚደረግ ነገር የለም» የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። በእንደዚህ ያለ ቀን ጆሮዬ ጮኸ የሚል ሰው የደኅና ሰው ስሞታ ይመስላል። ነገር ግን «ተመስገን» የምትለዋ ቃል እዚህ ላይ ሥራዋ ማጽናናት አልነበረም። ጥያቄውን መዝጋት ነበር። ሕይወቱ ከተረፈለት በኋላ ስለ ጆሮው የሚያወራ ሰው ውለታ ቢስ ይመስላል፤ ስለዚህ ታካሚው ዝም ይላል። ዝም ሲል ደግሞ ሐኪሙ ችግሩ የለም ብሎ ያምናል።

ያወጣቻት በር ላይ የምትሠራ ነርስ ናት። መምህርቷ ካርዷን ስታስረክብ የቀጠሮዋን ቀን ሦስት ጊዜ አስደገመቻት። ሲስተር እጇን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደቻትና ፊት ለፊቷ ቆማ «ከአንገት በላይ ክፍል ሂጂና የመስማት ምርመራ አሠሪ። ሲስፕላቲን የወሰዱ ሰዎች ላይ እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ» አለቻት።

ምርመራው ከግማሽ ሰዓት ያልበለጠ ነው። ድምፅ በማያስገባ ትንሽ ክፍል ውስጥ ማዳመጫ አድርገሽ ትቀመጫለሽ፤ ድምፅ በሰማሽ ቁጥር ቁልፍ ትጫኛለሽ። ውጤቱ በወረቀት ላይ እንደ መስመር ይወጣል። የእሷ መስመር በግራ በኩል፣ ማለትም በወፍራሞቹ ድምፆች ላይ፣ የጤናማ ሰው መስመር ነው። ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀጫጭኖቹ ድምፆች፣ ሲሄድ ግን እንደ ገደል ወደ ታች ይወርዳል። በሁለቱም ጆሮዎች ያው ነው። ባለሙያው ወረቀቱን አሳይቷት እንዲህ አላት፦ «እርስዎ ድምፅ ይሰማሉ። የሚጠፋብዎት ቃሉ ነው።»

በዓመት ውስጥ ስለ ራሷ የሰማችው የመጀመሪያው ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ይህ ነበር።

*

እንግዲህ ምን እንደሆነ እንየው።

ሲስፕላቲን የሚባለው መድኃኒት ውስጡ ፕላቲነም አለው፤ አዎ፣ ቀለበት የሚሠራበት ያ ውድ ብረት። የካንሰር መድኃኒትነቱ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. ባርኔት ሮዘንበርግ የተባለ የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ኤሌክትሪክ በባክቴሪያ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ሲያጠና፣ ባክቴሪያዎቹ መከፋፈላቸውን ትተው እየረዘሙ መሄዳቸውን አስተዋለ። ያቆማቸው ኤሌክትሪኩ አልነበረም፤ ከፕላቲነም ኤሌክትሮዶቹ የወጣ ውህድ ነው። የባክቴሪያን መከፋፈል የሚያስቆም ነገር የካንሰር ሕዋስንስ? ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1978፣ መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ከዚያ በፊት ወጣት ወንዶችን ይጨርስ የነበረው የዘር ፍሬ ካንሰር ዛሬ በአብዛኛው የሚድን በሽታ የሆነው በዚህ መድኃኒት ነው። በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው የማኅፀን በር ካንሰርም ከጨረር ጋር በየሳምንቱ በሚሰጥ ሲስፕላቲን ይታከማል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ መድኃኒቱን ለመክሰስ አይደለም። መምህርቷ ዛሬ በሕይወት ያለችው በእሱ ነው።

ግን መድኃኒቱ ዋጋ ያስከፍላል። ከጆሮ ውስጠኛው ክፍል እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠመዘዘ አካል አለ፤ ኮክሊያ ይሉታል። በውስጡ በእያንዳንዱ ጆሮ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ተሰልፈዋል። እንደ ክራር ክሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድምፅ አላቸው። መግቢያው ላይ ያሉት ቀጫጭኑን ድምፅ፣ ወደ ውስጥ ያሉት ወፍራሙን ይቀበላሉ። ሲስፕላቲን የሚጀምረው ከመግቢያው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠፋው ወፉና ጸናጽሉ ነው። መድኃኒቱ በተጨመረ ቁጥር ጉዳቱ ወደ ውስጥ፣ ወደ ሰው ንግግር ይዘልቃል።

እነዚህ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ በሰው ላይ ተመልሰው አይበቅሉም። የሚገርመው ዶሮ ብትሆን ይበቅሉላት ነበር፤ ወፎች የጆሯቸውን ሕዋስ መልሰው ያበቅላሉ። እኛ ግን አንችልም።

ሌላም ነገር አለ። ሰውነት አብዛኛውን ፕላቲነም ቀስ በቀስ ያስወግደዋል። በ2017 የወጣ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተመራማሪዎች ጥናት ግን ኮክሊያ ከሌሎች አካላት ተለይቶ መድኃኒቱን ለወራት፣ አልፎም ለዓመታት ይዞ እንደሚቆይ አሳይቷል። ጆሮ የገባበትን አይለቅም ማለት ነው። አንዳንድ ሰው ሕክምናውን ጨርሶ ቤቱ ከገባ በኋላ መስማቱ እየቀነሰ የሚሄደውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ስንቱ ሰው ላይ ይደርሳል? በመድኃኒቱ መጠን፣ በዕድሜ፣ በኩላሊት ጤንነትና ራስ ወይም አንገት ላይ ጨረር በመወሰዱ ይለያያል። ነገሩ ብርቅ አለመሆኑን ለማየት ግን አንድ ጥናት ይበቃል፦ በ2016 በሰሜን አሜሪካ ከዘር ፍሬ ካንሰር የተረፉ 488 ወንዶች ሲመረመሩ፣ ከ10ሩ 8ቱ በተወሰነ ደረጃ የመስማት ጉዳት ተገኝቶባቸዋል። መምህርቷ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ነገር ነበረ። በሕክምናው መካከል ኃይለኛ ትኩሳት ይዟት ለቀናት ጄንታማይሲን ተወግታለች። ያም መድኃኒት ለብቻው ጆሮ የሚጎዳ ነው፤ ከሲስፕላቲን ጋር ሲደራረብ ደግሞ ይብሳል። ያን ጊዜ መወጋቷ ስሕተት ነው ማለት አይደለም፤ ኢንፌክሽኑ ሊገድላት ይችል ነበር። ግን ሁለቱ ሲደራረቡ አንድ ሰው ስለ ጆሮዋ ማሰብ ነበረበት።

*

አሁን ወደ «ሰጠ» እና «ሸጠ» እንመለስ።

ስንናገር ጉልበት ያላቸው አናባቢዎቹ ናቸው፤ «አ»፣ «ኦ»፣ «ኡ» ወፍራምና ጠንካራ ድምፅ ናቸው። ትርጉምን የሚለዩት ግን ብዙ ጊዜ ቀጫጭኖቹ ናቸው፤ «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ጸ»፣ «ፈ»። «ሾመ» እና «ጾመ»፣ «ሰማ» እና «ሸማ» የሚለያዩት በእነሱ ነው። ቀጫጭኑን ድምፅ ያጣ ሰው ከቃሉ ውስጥ ግንዱን ይሰማል፤ ቅርንጫፉ የለም። ባዶውን ቦታ አእምሮው በግምት ይሞላዋል። ግምቱ ሲሳካ «ትሰማለች» ይባላል፤ ሲሳሳት «ፈዛለች» ይባላል። ለዚህ ነው ቤተሰብ የሚወናበደው። «ሲያሰኛት ትሰማለች፣ ሲያሰኛት አትሰማም» የሚሉት እውነት ይመስላቸዋል።

ደግሞም መጮህ አይጠቅምም። ሰው ሲጮህ የሚጎላው አናባቢው ነው፤ እሱ ቀድሞውንም ይሰማል። «ሰ» በጩኸት አይጎላም። የተጮኸበት ሰው የሚያገኘው ቃል ሳይሆን ቁጣ ነው። የመምህርቷ ባለቤት ለወራት ሲጮህባት የነበረው በፍቅር ነበር፤ እሷ ግን ሲቆጣት ነው የከረመችው።

*

በጣም የሚቆጨው ይህ ነው። ሲስፕላቲን ኩላሊትንም ይጎዳል። ስለዚህ መምህርቷ በየሳምንቱ መድኃኒቱን ከመውሰዷ በፊት ደም ትሰጥ ነበር፤ ክሬአቲኒኗ ይታያል፤ ከፍ ካለ መድኃኒቱ ለሌላ ጊዜ ይቀጠራል። ግሉኮሱ በብዛት ይገባላታል፤ «ውኃ ጠጪ» ትባላለች። ኩላሊቷ በዚህ ጥንቃቄ ተርፏል። አንድ መድኃኒት፣ ሁለት የታወቁ ጉዳቶች። አንዱ በየሳምንቱ ተለካ። ስለ ሌላው ግን ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው «ጆሮሽ እንዴት ነው?» ያላት ሰው የለም። ማስመለሱ ተነግሯታል፤ ድካሙ ተነግሯታል፤ ደም ማነሱ ተነግሯታል። ስለ ጆሮ ግን አልተነገራትም።

ለምን? ኩላሊት ይገድላል፤ ጆሮ አይገድልም። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው።

አሁን አንድ ሰው «ለታካሚ ይህን ሁሉ ብትነግረው ይፈራና ሕክምናውን ጥሎ ይሄዳል» ሊል ይችላል። ቀላል ክርክር አይደለም። ብዙ ታካሚ ሆስፒታል የሚደርሰው ዘግይቶ፣ ፈርቶ ነው። ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ አሁን በሌሎች ከተሞችም ቢጀመር ወረፋው አሁንም ረጅም ነው። በዚህ ሁኔታ ሐኪሙ «ስለ ጆሮ አውርቼ ሰው ከማጣ ዝም ልበል» ቢል ይገባል።

መምህርቷ ይህንኑ ተጠይቃ ነበር። ልጇ ናት የጠየቀቻት፦ «እማዬ፣ ቢነግሩሽ ኖሮ እምቢ ትዪ ነበር?»

«አልልም» አለች። «ልጆቼን ላሳድግ እንጂ ጸናጽል ልስማ ብዬ አልሞትም። ግን ብነገር ኖሮ አንቺን አልቀየምሽም ነበር። አንቺም እኔን።»

ለክርክሩ የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው። ማወቅ ምርጫዋን አይለውጠውም ነበር፤ ከምርጫው በኋላ ያለውን ዓመት ግን ይለውጠው ነበር። አብዳለሁ ብላ ሌሊቱን አትቆጥርም ነበር። ልጇ በሩን አትወረውርም ነበር። ርዕሰ መምህሩ «ለጊዜው ቤተ መጻሕፍት ትመደብ ይሆን?» ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ ነገሩ አይደርስም ነበር። ጉዳቱን ያመጣው መድኃኒቱ ነው፤ መቀያየሙን ያመጣው ግን ዝምታው ነው።

ደግሞም የሚደረግ ነገር አለ፤ ዝም የሚባለው ምንም ስለማይደረግ አይደለም።

የመጀመሪያው ነገር ሕክምናው ሳይጀመር ጆሮን መለካት ነው። መነሻው ካልታወቀ የጠፋው አይታወቅም። በመሀልና ከጨረሱ በኋላም ይለካል። የተለመደው ምርመራ እስከ 8000 ኸርዝ ነው፤ የሰው ጆሮ ግን እስከ 20 ሺህ ይደርሳል። ስለዚህ መሣሪያው ባለበት ከ8000 በላይ ያለውን መለካት ጉዳቱን ገና ወደ ንግግር ሳይደርስ ያሳያል። ለውጥ ከታየ ሐኪሙ መጠኑን ወይም መድኃኒቱን መለወጥ ይቻል እንደሆነ ያመዛዝናል። ካርቦፕላቲን የሚባለው የዚሁ ቤተሰብ መድኃኒት ለምሳሌ ጆሮን በጣም ያነሰ ነው የሚጎዳው፤ ለሁሉም ካንሰር ግን ምትክ አይሆንም። ይህ የሐኪም ውሳኔ ነው። ማንም ይህን አንብቦ መድኃኒቱን በራሱ እንዳያቋርጥ።

መሣሪያ በሌለበት ደግሞ ጥያቄ አለ፤ ጥያቄ ገንዘብ አይፈልግም። «ጆሮህ ይጮኻል ወይ? ሰው ሲያወራ ታስደግማለህ ወይ?» ክሬአቲኒኑ በሚታይበት ቀን ይህን መጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

በልጆች ላይ ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል። አዋቂ ሰው የጎደለውን ፊደል በግምት ይሞላል፤ ቋንቋውን ቀድሞ ያውቀዋልና። ገና ቋንቋ የሚለምድ ሕፃን ግን ሰምቶት የማያውቀውን በምን ይሞላዋል? ለልጆች ተስፋ የሚሰጥ ዜና አለ። ሶዲየም ታዮሰልፌት የሚባል፣ ለሳያናይድ መመረዝ ሲያገለግል የኖረ መድኃኒት፣ ከሲስፕላቲኑ 6 ሰዓት በኋላ ሲሰጥ ጆሮን እንደሚጠብቅ ታውቋል። በ2018 በወጣ የጉበት ካንሰር ባለባቸው ልጆች ጥናት፣ ሲስፕላቲን ብቻ ከወሰዱት 63 በመቶው መስማታቸው ሲጎዳ፣ ይህ ከተጨመረላቸው 33 በመቶው ናቸው የተጎዱት። በ2022 አሜሪካ ውስጥ ካንሰራቸው ላልተሠራጨ ልጆች ተፈቅዷል። የተሠራጨ ካንሰር ላይ ግን የሲስፕላቲኑን ጉልበት እንዳይቀንስ ስለሚፈራ ጥንቃቄ ይደረጋል።

ከተጎዳ በኋላስ? የመስሚያ መሣሪያ አለ። መነጽር እንደሚያደርገው ሁሉን ነገር ወደ ቦታው አይመልስም፤ ግን ብዙ ይመልሳል። ችግሩ ማግኘቱ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው መሣሪያው ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚያገኙት ከ5ቱ አንዱ እንኳ አይሞሉም። መምህርቷም እስካሁን የላትም፤ እየቆጠበች ነው።

*

ክፍሏን ግን አልለቀቀችም።

ውጤቱን ባገኘች ማግስት ልጆቹን ሰብስባ ነገረቻቸው። «አሞኝ ነበር አይደል? የዳንኩበት መድኃኒት ጆሮዬን ትንሽ ጎድቶታል። ስትናገሩ ወደ እኔ ዙሩ፤ እጃችሁን አፋችሁ ላይ አታድርጉ፤ ካልሰማሁ አትሳቁ፣ ድገሙልኝ።» ዴስኮቹን በግማሽ ክብ አዞረቻቸው፤ ከኋላ የሚቀመጥ ልጅ የለም። በመስኮቱ በኩል ብርሃን ፊታቸው ላይ እንዲያርፍ እሷ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጠች።

ለ«ሰ» እና «ሸ»ም መላ ተገኘ። ድሮም ስታስተምር «ሸ ማለት ሰ ቆብ ሲደፋ ነው» ትል ነበር። ሰሌዳው ላይ «ሰ»ን ጽፋ ከላዩ መስመሯን ትጨምርበታለች። አሁን ልጆቹ «ሸ» ያለበትን ቃል ሲናገሩ መዳፋቸውን አናታቸው ላይ ያደርጋሉ። «ቸ»፣ «ኘ»፣ «ጀ»ም እንዲሁ ናቸው፤ ከ«ተ»፣ ከ«ነ»፣ ከ«ደ» ላይ ቆብ ደፍተው የመጡ ፊደሎች። ያቺ ከኋላ ትቀመጥ የነበረችው ልጅ አሁን ፊት ናት። «አባቴ በጉን ሸጠ» ስትል እጇ አናቷ ላይ ነው። ባልደረቦቿ እንደሚሉት ዘንድሮ የእሷ ክፍል ልጆች ፊደል የሚለዩት ከሌላው ጊዜ ፈጥነው ነው።

ይህ ማለት ነገሩ ተፈታ ማለት አይደለም። ስብሰባ ላይ አሁንም ግማሹ ያመልጣታል። ስልክ አትወድም። ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል ጩኸቱ ይጎላባታል፤ ሬዲዮ ዝቅ አድርጋ ከፍታ ትተኛለች። ወፎቹም አልተመለሱም። ነገር ግን ከልጇ ጋር ታርቃለች። ልጅቷ ከኩሽና መጣራት ትታ ወደ ሳሎን መጥታ፣ ፊት ለፊቷ ቆማ፣ «እማዬ፣ ሻይ ላፍላልሽ?» ትላለች። ለዚህ መሣሪያም ገንዘብም አላስፈለገም፤ አሥር እርምጃ ብቻ።

በየቤታችሁ ከካንሰር ተርፎ የተመለሰ ሰው ካለ፣ አሁንም በሕክምና ላይ ያለ ካለ፣ «ተመስገን» በሉ፤ የሚገባ ቃል ነው። ቃሉን ጥያቄ መዝጊያ ግን አታድርጉት። ቀጥላችሁ «በደንብ ትሰማለህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ስትጠይቁት ደግሞ ከሌላ ክፍል ሆናችሁ አትጥሩት። ሄዳችሁ ፊት ለፊቱ ቆማችሁ ጠይቁት።